ሽውሽውታው ምን ይመሰክራል? የጀርባ ድምፅ በሙዚቃ ቀረጻ ታሪክ ውስጥ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርዕሴ ለታሪክ ተመራማሪ እንግዳ መስሎ ሊታይ እንደሚችል አውቃለሁ። ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ በአንድ የሙዚቃ ቀረጻ ላይ ከዜማው ጀርባ የሚሰማው የቴፕ ሽውሽውታ፣ የሸክላ መንጣጣት፣ የክፍሉ ኮሽታ ዋጋ አለው ወይስ የለውም? በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው ከመጻሕፍት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመመረቂያ ጽሑፉን አማክረው የነበረ አንድ ተማሪ ከአያቱ ቤት ያገኘውን የበገና ካሴት ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ አመጣልኝ። «ዶክተር፣ በጣም ይሸውሽው ነበር፤ አጽድቼዋለሁ» አለኝ። አብረን አዳመጥነው። በእርግጥም ጸጥ ያለ ነበር። ነገር ግን በገናው በገና አልመስል አለኝ። ክሩ ከተነካ በኋላ ሊቆይ የሚገባው ንዝረት በአጭሩ ተቆርጧል። በስንኞቹ መካከል የደርዳሪው ትንፋሽ አይሰማም። በምትኩ ከውኃ ሥር የሚመጣ የሚመስል ጭርጭርታ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። «እስቲ ያልጸዳውን አሰማኝ» አልኩት። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው የጸዳው ብቻ ነበር። «ካሴቱስ?» ስለው አንገቱን ደፋ። ቤቱ ሲታደስ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ተጥሎ ኖሯል።

ተማሪውን አልወቀስኩትም፤ አስቀድሜ ያስጠነቀቅሁት ነገር አልነበረምና። ዛሬ የማቀርበው ያን ጊዜ ልነግረው ይገባኝ የነበረውን ነው። የክርክሬም ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የጀርባ ድምፅ ለአድማጭ ብዙውን ጊዜ እንቅፋት ነው፤ ለታሪክ ተመራማሪ ግን ማስረጃ ነው። ስለዚህ ለማዳመጥ ሲባል ማጽዳት የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያስነቅፈው የጸዳውን አስቀርቶ ያልጸዳውን ማጥፋት ነው።

ጆሮም ታሪክ አለው

በመጀመሪያ «ጫጫታ» የምንለው ነገር በሁሉም ዘመን አንድ እንዳልሆነ እንመልከት። ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍን የፈለሰፈው በ1877 ነው። ከ1915 ጀምሮ የኤዲሰን ኩባንያ በአሜሪካ ከተሞች እየተዘዋወረ የሕዝብ ትርኢት ያሳይ ነበር። ዘፋኟ ከማጫወቻው አጠገብ ትቆምና ከራሷ ቀረጻ ጋር ትዘፍናለች፤ በመሃል ድምፅዋን ታቆማለች፤ አንዳንድ ጊዜም መብራቱ ይጠፋል። አድማጩ የሚሰማው የሰው ድምፅ ይሁን የማሽን እንዲለይ ይጠየቃል። የዘመኑ ጋዜጦች ሕዝቡ መለየት እንዳቃተው ጻፉ።

ዛሬ እነዚያን ዲስኮች ስናዳምጥ ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ይገርመናል፤ መንጣጣቱና ሽውሽውታው ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማን ነውና። አድማጮቹ ሞኞች ነበሩ ማለት ግን አይቻልም። በአንድ በኩል፣ ከትርኢቱ ዘፋኞች አንዷ የነበረችው አና ኬዝ ድምፅዋን ከማሽኑ ድምፅ ጋር ታመሳስል እንደነበር ከብዙ ዓመታት በኋላ ተናግራለች። በሌላ በኩል፣ አድማጩ ድምፁን ከማሽኑ ጫጫታ ለይቶ መስማትን ለምዶ ነበር። በዝናብ ጊዜ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚጨዋወቱ ሰዎች የዝናቡን ድምፅ እንደሚረሱት ሁሉ፣ እርሱም የመርፌውን ፍጭት ይረሳው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። በ1925 በማይክሮፎንና በኤሌክትሪክ መቅረጽ ሲጀመር የቀድሞው ቀረጻ ደካማ መሰለ። በ1948 ረጅም ሸክላ ለገበያ ሲቀርብ የቀድሞው ባለ 78 ዙር ሸክላ የሚንጣጣ ሆነ። ሬይ ዶልቢ በ1965 በለንደን ባቋቋመው ድርጅት የቴፕን ሽውሽውታ የሚቀንስ ዘዴ ሲያወጣ ያለ ዶልቢ የተቀረጸው ቴፕ ጉድለቱ ተሰማ። በ1982 ሲዲ ሲመጣ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ጫጫታም ሆነ። ቀረጻዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የአድማጩ የጸጥታ መለኪያ ነው። ስለዚህ «ይህ ቀረጻ ጫጫታ አለው» ስንል ስለ ቀረጻው ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳችን ዘመን ጆሮም እየተናገርን ነው።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

የጀርባ ድምፅ አንድ ነገር አይደለም። ቢያንስ አምስት ምንጮች አሉት፦ ሙዚቃው የተጫወተበት ክፍል፣ የቀረጸው መሣሪያ፣ ድምፁን የተሸከመው ዕቃ፣ በኋላ የተደረገው ግልበጣ፣ በመጨረሻም ያጫወተው ማሽን። እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው።

ሸክላን እንውሰድ። ባለ 78 ዙሩ ሸክላ ከሸክላ አፈር የተሠራ አይደለም። ዋና ማያያዣው ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ሲሆን፣ ከደቀቀ የድንጋይ ዱቄትና ከጥቁር ቀለም ጋር ይደባለቃል። የድንጋዩ ዱቄት የገባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የብረቱ መርፌ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች እየተሞረደ የቦዩን ቅርጽ እንዲይዝ ታስቦ ነው። የምንሰማው መንጣጣት እንግዲህ ከፊሉ ብልሽት ሳይሆን የአሠራሩ ጠባይ ነው። ከፊሉ ደግሞ በኋላ የመጣ ጭረት፣ አቧራና ድካም ነው።

ቴፕ ሌላ ነው። ቴፕ ላይ ያለው ድምፅ የሚቀመጠው እጅግ ጥቃቅን በሆኑ የመግነጢስ ቅንጣቶች ላይ ነው። ቅንጣቶቹ ፍጹም እኩል ተሰልፈው ስለማይቀመጡ ባዶ ቴፕ እንኳ ሲጫወት ይሸውሽዋል። ቅንጣቱ በበዛ ቁጥር ልዩነታቸው እየተቻቻለ ሽውሽውታው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቴፑ ሰፊና ፈጣን ሲሆን ድምፁ ይጠራል። በስቱዲዮ የሚሠራበት ቴፕ በሴኮንድ 38 ሴንቲ ሜትር ይሮጥ ነበር። ፊሊፕስ በ1963 ያወጣው ካሴት ግን ስፋቱ 3.81 ሚሊ ሜትር፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ማለትም 8 ጊዜ ያህል የዘገየ። ሲዲ በሙዚቃውና በጫጫታው መካከል እስከ 96 ዴሲቤል ልዩነት ሊይዝ ሲችል፣ ተራ ካሴት ያለ ዶልቢ ከ50 ዴሲቤል ብዙም አያልፍም። ዶልቢ በካሴት ላይ ሽውሽውታውን በ10 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ለዚህም በቀረጻ ጊዜ ደካማውን ቀጭን ድምፅ ከፍ አድርጎ በማጫወት ጊዜ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል። በመሆኑም በዶልቢ የተቀረጸ ካሴት ያለ ዶልቢ ቢጫወት ከመጠን በላይ ይሾላል፤ ያለ ዶልቢ የተቀረጸው በዶልቢ ቢጫወት ይደፈናል። ካሴት የሚገለብጥ ሰው ይህን ካላወቀ ገና ማጽዳት ሳይጀምር ቀረጻውን ለውጦታል።

ጸጥታ ምስክር ሲሆን

የጀርባ ድምፅ ማስረጃ ነው ስል ለምሳሌነት ከሁሉ አስቀድሜ የማቀርበው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሆነውን ነው። ጃክ ሙሊን የተባለ አሜሪካዊ የመገናኛ መኮንን በ1944 በእንግሊዝ አገር ሳለ ሌሊት እየሠራ የጀርመንን ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ሲጫወቱ ይሰማል። ሙዚቃው ከሸክላ የሚጫወት ከሆነ መንጣጣት ሊኖረው ይገባል፤ ግን የለውም። ታዲያ ኦርኬስትራው በዚያ ሰዓት በስቱዲዮ ተቀምጦ ይጫወታል ማለት ነው? ወይስ ጀርመኖች ሌላው ዓለም የማያውቀው መሣሪያ አላቸው?

መልሱ ሁለተኛው ነበር። ማግኔቶፎን የተባለው የጀርመን ቴፕ መቅረጫ በ1935 በበርሊን ለሕዝብ ታይቷል፤ ያን ጊዜ ግን ጫጫታው ብዙ ነበር። በ1940 የጀርመን ሬዲዮ መሐንዲሶች ከሙዚቃው ጋር ለጆሮ የማይሰማ ከፍተኛ ሞገድ አብሮ መላክ የቴፑን ጫጫታ እጅግ እንደሚቀንስ ደረሱበት። ሙሊን በ1945 ከፍራንክፈርት ብዙም በማትርቀው በባድ ናውሃይም መሣሪያውን አገኘ፤ ወደ አሜሪካም ወሰደ። በ1947 ዘፋኙ ቢንግ ክሮስቢ የሬዲዮ ዝግጅቱን በቴፕ መቅረጽ ጀመረ፤ የዘመናዊው የቀረጻ ኢንዱስትሪ አንዱ መነሻም ይኸው ሆነ።

ሙሊን መሣሪያውን ሳያይ መኖሩን የጠረጠረው በጀርባ ድምፅ አለመኖር ነው። የምርምር ዘዴው ከእኛ የተለየ አይደለም። በቀረጻ ላይ ያለው ጫጫታ፣ እንዲሁም የሌለው ጫጫታ፣ ቀረጻው መቼ፣ በምን መሣሪያና በስንት እጅ አልፎ እንደመጣ ይናገራል።

የጸሐፍት ስሕተትና የካሴት ኮሽታ

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ አገር ምሁራን አዲስ ሊሆን አይገባም። የግእዝ ብራናዎችን የሚያጠና ሰው የጸሐፊውን ስሕተት እንደ ቆሻሻ ጠርጎ አይጥልም። ሁለት ብራናዎች በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ካላቸው ከአንድ እናት ቅጂ እንደተወለዱ ይጠረጥራል፤ በዚህም የቅጂዎቹን የትውልድ ሐረግ ይሠራል። በገጹ ጠርዝ ላይ የወደቀው የጧፍ ጠብታና በእጅ ብዛት የጠቆረው ኅዳግ መጽሐፉ የትኛው ገጹ ላይ ይበልጥ እንደተነበበ ይነግሩታል። ካትሪን ሩዲ የተባሉ የኪነ ጥበብ ታሪክ ምሁር የአውሮፓ መካከለኛ ዘመን የጸሎት መጻሕፍትን እድፍ በመሣሪያ እየለኩ ባለቤቶቹ የትኞቹን ጸሎቶች ይደጋግሙ እንደነበር አሳይተዋል። እድፉ ቢታጠብ ኖሮ ያ ጥናት ባልኖረ ነበር።

ወደ ራሳችን የድምፅ ቅርስ ስንመጣም ነገሩ ያው ነው። በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክ መልእክታቸውን በፎኖግራፍ ቀርጸው ላኩ፤ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በድምፃቸው መለሱ። የንግሥቲቱ ቀረጻ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ተደርጓል። የምኒልክና የጣይቱ ግን ደርሶናል። ያን ቀረጻ የሚያዳምጥ ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው የሰም ሲሊንደሩን ጫጫታ ነው፤ ድምፃቸው ከዚያ ውስጥ እንደ ሩቅ ሰው ጥሪ ይመጣል። እዚህ ላይ ለማጽዳት ጠንካራ ምክንያት እንዳለ አምናለሁ፤ የቋንቋ ተመራማሪ እያንዳንዷን ቃል ለይቶ መስማት ይሻልና። ነገር ግን የሚጸዳው ግልባጩ እንጂ ምንጩ ሊሆን አይችልም፤ ዛሬ በእኛ መሣሪያ ያልተለየ ቃል ነገ በተሻለ መሣሪያ ሊለይ ይችላል።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ወደ ጀርመን ሄደው ያስቀረጿቸው ሸክላዎች የኢትዮጵያ የሙዚቃ ቀረጻ ታሪክ መነሻ ተደርገው ይቆጠራሉ፤ ከመቶ ዓመት በኋላም «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ተሰብስበው ወጥተዋል። በዚያ ዘመን ማይክሮፎን ለሙዚቃ ቀረጻ አይውልም ነበር። ዘፋኙ በቀንድ መሰል ጡሩንባ ፊት ቆሞ የሚያሰማው ድምፅ በቀጥታ መቅረጫውን መርፌ ያንቀጠቅጥ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ቀረጻ እጅግ ቀጭኑንና እጅግ ወፍራሙን ድምፅ አይዝም። ስለዚህ በከፍተኛው የድምፅ ወሰን የሚሰማው በአብዛኛው የሸክላው ጫጫታ ብቻ ነው፤ ያን መቀነስ ከሙዚቃው ብዙ አይወስድም። ይህን የምጠቅሰው ፍርዳችን በየቀረጻው ዘመንና ዓይነት መለያየት እንዳለበት ለማሳየት ነው። ለ1908 ሸክላ የሚስማማው ማጽዳት ለ1980 ካሴት ገዳይ ሊሆን ይችላል።

በ1969 አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ሲከፍት በአገር ውስጥ ሸክላ የሚታተምበት ፋብሪካ አልነበረም። ሙዚቃው አዲስ አበባ ይቀረጻል፤ ቴፑ ባሕር ተሻግሮ ይታተማል፤ ሸክላው ተመልሶ ይመጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ የተጨመረው ድምፅ የተለየ ነው፦ የክፍሉ ማስተጋባት፣ የቴፑ ሽውሽውታ፣ የሸክላው መንጣጣት። የሠለጠነ ጆሮ እነዚህን ንብርብሮች አንድ በአንድ ሊለያቸው ይችላል። ዛሬ በኢንተርኔት ላይ የሚገኙ ሁለት የአንድ ዘፈን ፋይሎች በአንድ ስንኝ ላይ አንድ ዓይነት ኮሽታ ካላቸው ሁለቱም ከአንዲት ሸክላ እንደተገለበጡ እናውቃለን። ይህም ከብራናው የጋራ ስሕተት ጋር ፍጹም አንድ ነው።

ከዚያ የካሴት ዘመን መጣ። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ሽውሽውታው ይደመራል። ግልበጣው በአንድ ዓይነት መሣሪያ ከተደረገ በሁለተኛው ትውልድ ጫጫታው 3 ዴሲቤል፣ በአራተኛው 6፣ በስምንተኛው 9 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። እንግዲህ እጅግ የሚሸውሽው ካሴት ስናገኝ «የተበላሸ ነው» ብቻ ብለን ማለፍ የለብንም። ያ ካሴት ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ሌላ ከተማ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። የሽያጭ መዝገብ በሌለበት ሁኔታ ሽውሽውታው ራሱ ዘፈኑ በስንት እጅ እንዳለፈ የሚጠቁም ምልክት ነው፤ እንደ ጠቆረው የብራና ኅዳግ።

ጫጫታው መለኪያ ሲሆን

አሁን ለሙዚቃ ተማሪዎች ይበልጥ የሚጠቅም አንድ ምሳሌ ላንሣ። በብዙ ቀረጻዎች ሥር ከመብራት መስመር የሚመጣ «እምም» የሚል ዝቅተኛ ድምፅ ይሰማል። የማጽጃ ፕሮግራሞች በመጀመሪያ ከሚያስወግዱት ነገር አንዱ ይህ ነው። በአገራችን የመብራት ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለዚህ ይህ ድምፅ በቀረጻው ላይ በ50 ኸርዝ ወይም በብዜቶቹ ላይ መገኘት አለበት።

አንድ ካሴት ስንለካ እምታው በ50 ፈንታ በ52 ላይ ቢገኝስ? ቴፑ በ4 በመቶ ፈጥኖ እየተጫወተ ነው ማለት ነው። 4 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ በዜማ ሲሰላ ግን የግማሽ ድምፅን ሁለት ሦስተኛ ያህል ከፍ ያደርጋል። የድምፃዊው ድምፅ ቀጥኗል፣ ምቱም ፈጥኗል። ቴፑ እየተጎተተና እየፈጠነ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ይዛባል። የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልን ወይም የአንቺሆዬን ቅኝት ከአሮጌ ካሴት ለክቶ መደምደሚያ የሚሰጥ ተመራማሪ ይህን ካላረጋገጠ፣ የለካው የማሽኑን ሞተር ድካም እንጂ የባለሙያውን ቅኝት ላይሆን ይችላል።

በእርግጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጄኔሬተር በሚሠራበት ቦታ ድግግሞሹ ከ50 ይርቃል፤ ግልበጣው ሌላ እምታ ጨምሮ ሊሆንም ይችላል። ቢሆንም ከሙዚቃው ውጭ ያለ ገለልተኛ መለኪያ ማግኘት ለተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው። እምታውን አስቀድሞ ያጸዳ ሰው ልኩን ሳይወስድ ሜትሩን ጥሎታል።

ጫጫታ አይመለክም

እዚህ ላይ የሚነሡብኝን ሁለት ተቃውሞዎች በቅንነት ላንሣ። የመጀመሪያው የድምፅ ባለሙያዎች ተቃውሞ ነው፦ «ሽውሽውታው የሙዚቀኛው ሐሳብ አይደለም። በዚያ ዘመን የነበረ ባለሙያ ቢችል ኖሮ ያስወግደው ነበር። እናንተ ጉድለትን ቅርስ ታደርጋላችሁ» ይላሉ። በዚህ እስማማለሁ። በዛሬው ጊዜ በአዳዲስ ዘፈኖች ላይ የሸክላ መንጣጣት ሆን ተብሎ በኮምፒውተር ሲጨመር እንሰማለን፤ የቀድሞ ዘፈኖቻችንንም አንዳንድ አድማጭ የሚወድዳቸው ስለ አሮጌነታቸው ነው። ይህ ናፍቆት እንጂ ታሪክ አይደለም። እኔ ጫጫታው ያምራል አላልኩም፤ ይመሰክራል ነው ያልኩት። ምስክር ደግሞ መልከ መልካም መሆን የለበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የዛሬ ማጽጃዎች ብልህ ናቸው፤ ሙዚቃውን ሳይነኩ ጫጫታውን ብቻ ያወጣሉ» የሚል ነው። እዚህ ላይ ግን አልስማማም። የተለመደው ማጽጃ የሚሠራው ጸጥ ካለው የቀረጻ ክፍል የጫጫታውን ናሙና ወስዶ፣ ድምፁን በብዙ ቀጫጭን ንጣፎች ከፍሎ፣ በየንጣፉ ከናሙናው ያልበለጠውን ሁሉ ዝቅ በማድረግ ነው። ከጫጫታው በታች የወረደው ሙዚቃም አብሮ ይወርዳል። የተማሪዬ በገና የደረሰበት ይኸው ነው።

በገና 10 ክሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ ክርና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባል። ክሩ ሲነካ ከቆዳው ጋር እየተፋተገ ያን የምናውቀውን ጥልቅ ርግብግብታ ይሰጣል። አባቶቻችን ይህን ፍትጊያ ያስገቡት አስበውበት ነው፤ ያለ እርሱ በገና ሌላ መሣሪያ ይሆናል። ርግብግብታው እየደከመ ሲሄድ ቀስ በቀስ ወደ ሽውሽውታው ደረጃ ይወርዳል፤ ማጽጃውም እዚያ ሲደርስ ይቆርጠዋል። በቅዳሴ ቀረጻ ላይ የጸናጽል፣ በአዝማሪ ቀረጻ ላይ የመሰንቆ ጅራት ፍትጊያም እንዲሁ ለማሽን ከሽውሽውታ ጋር ተቀራራቢ ናቸው። ማሽኑ የትኛው ሙዚቃ የትኛው ጫጫታ እንደሆነ የሚያውቀው እኛ ከነገርነው ብቻ ነው፤ እኛም የምንነግረው እንደ ባህላችንና እንደ ዕውቀታችን ነው።

ከዚህ ሌላ ደግሞ የሕይወት ድምፅ አለ። ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ ሲጫወት እያንጎራጎረ እንደነበር ሸክላዎቹ ይመሰክራሉ፤ ማንጎራጎሩ የአጨዋወቱ አካል ሆኖ ቀርቷል። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ቀረጻዎች ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርቡ ናቸው። እማሆይ ከ1977 እስከ 1985 ድረስ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ሆነው ፒያኖ እየተጫወቱ የዘመሯቸው ዜማዎች በተራ የቤት ካሴት መቅረጫ ተቀርጸው ነበር፤ በ2024፣ ማለትም ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ «ሱቨኒርስ» በሚል ርዕስ ወጥተዋል። በእነዚያ ቀረጻዎች ላይ ከመስኮቱ ውጭ የሚዘምሩ ወፎች፣ የፒያኖው ወንበር ሲንቋቋ፣ የመቅረጫው ቁልፍ ሲጫን ይሰማል። አንድ ትጉ ባለሙያ ይህን ሁሉ አጽድቶት ቢሆን ኖሮ ዜማው ይቀር ነበር። ዜማው በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቤት፣ ብቻዋን በተቀመጠች መነኩሲት የተሠራ መሆኑን የምንሰማበት ግን ይጠፋ ነበር።

ምን እናድርግ?

የምናገረው ለክርክር ብቻ አይደለም። በየቤቱ፣ በየአጥቢያው፣ በውጭ በሚኖሩ ወገኖቻችንም እጅ ሰርግ፣ ለቅሶ፣ ቅኔ፣ ዝማሬና ዘፈን የተቀረጸባቸው ካሴቶች አሉ። ካሴቶቹ ያረጃሉ፤ ከካሴቱ ይልቅ ደግሞ በትክክል የሚያጫውተው ማሽንና ማሽኑን የሚጠግነው ባለሙያ እየጠፋ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ የምትገለብጡት ካሴት ለመጨረሻ ጊዜ የሚገለበጥ ሊሆን ይችላል።

ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ለዚህ ሥራ ያወጣው መመሪያ መሠረተ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሚቀመጠው ግልባጭ ያልተነካ ይሁን። እኔ በዚህ መንፈስ ለተማሪዎቼ አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ማሽኑን አጽዱና አስተካክሉ፤ ከምንጩ የሚገኘው ጥራት በኋላ በፕሮግራም ከሚገኘው ሁሉ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ግልባጩ ምንም ማጣሪያ ሳይነካው በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ኸርዝ ይወሰድ፤ በዘፈኖቹ መካከል ያለው ባዶ ቴፕም አይቆረጥ፤ ጫጫታው ብቻውን የሚገኘው እዚያ ነውና። ሦስተኛ፣ ለማዳመጥ የሚጸዳው ሌላ ፋይል ይሁን፤ ምን እንደተደረገበትም ይጻፍ። አራተኛ፣ ካሴቱ ከነመያዣው፣ ከነእጅ ጽሑፉ ይቀመጥ።

አራቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ከመቸኮል መታቀብን ነው። አሮጌ ሕንፃ ሲታደስ ጽሑፍ ያለበትን ግድግዳ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ፎቶ አንሡት እንደምንለው ነው።

ያ ተማሪ ጽሑፉን በጥሩ ውጤት ጨርሷል። በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስለ አያቱ ካሴት አንድ አንቀጽ አለው፤ ድምፁ መቼ፣ የት፣ በማን እንደተቀረጸ ሊያረጋግጥ እንዳልቻለ ይናገራል። ደርዳሪው ማን እንደነበር የሚያውቁት አያቱ ነበሩ፤ እርሳቸውም አርፈዋል። ምናልባት ከስንኞቹ መካከል፣ በዚያ በተጠረገው ሽውሽውታ ውስጥ፣ ስሙን የጠራ ሰው ነበር ይሆናል። አሁን ልናውቀው አንችልም።

እናንተ ግን ገና ያልተጣሉ ካሴቶች አሏችሁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ፈልጓቸው።